ላይከኖችና የአየር ብክለት፦ የአርሲ ደጋ ዛፎች ምን ይመሰክራሉ?

ከአሰላ ከተማ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ጭላሎ ተራራ የሚወጣ ሰው ዓይኑን ከዛፎች ግንድ ላይ ሳያነሣ ቢጓዝ አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በዋናው መንገድ ዳር በቆሙት ዛፎች ላይ የሚታየው አቧራና እዚህም እዚያም የተለጠፈ ግራጫ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ነው። የስንዴውንና የገብሱን ማሳ አልፎ፣ በየአጥሩ የቀሩትን ጥዶችና ወይራዎች ተሻግሮ፣ ኮሶና አስታ ወደሚበቅሉበት ከፍታ ሲደርስ ግን ቅርንጫፉ ሁሉ ጢም አብቅሎ ያገኘዋል። አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት፣ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ነገር ነው። አንዳንዶች ይህን የዛፍ ሽበት፣ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ወንድሙን ደግሞ የድንጋይ ሽበት ይሉታል። በሥነ ሕይወት ትምህርት ላይከን እየተባለ የሚጠራው ፍጡር ይኸው ነው።

"ላይከን የአየር ብክለት ጠቋሚ ነው" የምትለውን ዐረፍተ ነገር ለፈተና ያላጠና የሥነ ሕይወት ተማሪ ጥቂት ነው። ይህችን ዐረፍተ ነገር በአእምሮው ይዞ ከላይ የጠቀስነውን መንገድ የተጓዘ ተማሪ ወዲያው አንድ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል፦ በተራራው ላይ ላይከን በዝቷል፤ በከተማው ውስጥ አንሷል፤ እንግዲያውስ የአሰላ አየር ተበክሏል። ድምዳሜው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከቀረበው ማስረጃ አይመነጭም። አሰላ በ2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን የጭላሎ ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ መካከል ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ ጉሙና የዛፉ ዓይነት ጭምር ተለውጠዋል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን የላይከኖችን ብዛት ሊለውጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ላይከኖች ስለ አየር የሚሰጡትን ምስክርነት እንዴት በጥንቃቄ መስማት እንደሚቻል፣ በተለይም በአውሮፓ የተፈተነው መለኪያ አርሲ ሲደርስ ለምን መታረም እንዳለበት እንመለከታለን።

ሁለት ሆኖ አንድ

ላይከን ተክል አይደለም። ሥር፣ ግንድና እውነተኛ ቅጠል የለውም። የተሠራው ከፈንገስና ከአልጌ ነው፤ በአልጌው ፋንታ ሳያኖባክቴሪያ የሚገኝባቸው፣ ወይም ሁለቱንም አጣምረው የያዙ ዓይነቶችም አሉ። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፤ ከዛፉ ወይም ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ከኃይለኛ ፀሐይም ይከላከላል። አልጌው በበኩሉ በብርሃን አስተጻምሮ ምግብ አዘጋጅቶ ለሁለቱም ያበላል። በቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው የሚለው አስተሳሰብም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ተሻሽሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በብዙ ላይከኖች የውጭ ሽፋን ውስጥ እርሾ መሰል ሌላ ፈንገስ መኖሩን አሳይቷል። ዛሬ በዓለም ላይ 20,000 ያህል የላይከን ዝርያዎች እንዳሉ ይገመታል።

የላይከንን ጥንድ ማንነት የገለጠው ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1867 ነበር። በጊዜው የነበሩ የላይከን ሊቃውንት ሐሳቡን በደስታ አልተቀበሉትም። ዕድሜአቸውን ሙሉ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ፍጡር ሲያጠኑት የኖሩት ነገር በድንገት "ፈንገስና የማረከው አልጌ" መባሉ አበሳጭቷቸው ነበር። ከእነዚህ ተቃዋሚዎች አንዱን ወደ ኋላ በሌላ ምክንያት እናገኘዋለን።

በመልክ ረገድ ላይከኖችን በሦስት ወገን መክፈል የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ቅርፊት መሰል ነው፤ ከግንዱ ወይም ከድንጋዩ ጋር ቀለም የተቀባ ያህል ስለሚጣበቅ ሳይሰበር ሊላቀቅ አይችልም። ሁለተኛው ቅጠል መሰል ነው፤ ዳርና ዳሩ የተሸነሸነ ሲሆን በጥፍር ብናነሣው ከሥሩ ይላቀቃል። ሦስተኛው ቁጥቋጦ ወይም ጢም መሰል ነው፤ በአንድ ነጥብ ብቻ ተይዞ ይቆማል ወይም ይንጠለጠላል። በአርሲ ተራሮች አስታ ላይ የሚንዠረገገው ኡስኒያ የሚባለው ወገን የዚህ የሦስተኛው ክፍል ነው።

ላይከንን በዓይናችን አይተነው አናውቅም የሚሉ አንባብያን ቢኖሩ በቤተ ሙከራ ግን ሳይነኩት አልቀሩም። አሲድን ከቤዝ የምንለይበት ሊትመስ ወረቀት ቀለሙን ያገኘው ሮሴላ ከሚባሉ የባሕር ዳርቻ ላይከኖች ነው። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ስለ አሲድ የሚነግረን ፍጡር በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜም ስለ አሲዳማ አየር ሊነግረን መቻሉ አጋጣሚ ቢሆንም ለማስታወስ ይረዳል።

በር የሌለው ቤት

አንድ የወይራ ዛፍ ውኃውንና ማዕድኑን በሥሩ አማካይነት ከአፈር ይስባል። ቅጠሉ በሰም መሰል ሽፋን ተለብጧል፤ አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው እንደ አስፈላጊነቱ በሚከፈቱና በሚዘጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ያረጀውንና የተመረዘውን ቅጠል ያራግፋል። ላይከን ከእነዚህ መከላከያዎች አንዱም የለውም። የሚበላውም የሚጠጣውም ከዝናብ፣ ከጉም፣ ከጤዛና ከአቧራ የሚያገኘውን ነው። ውኃው ንጹሕም ይሁን የተበከለ በመላ አካሉ ይመጥጠዋል። የሚያራግፈው ቅጠል ስለሌለው የገባው መርዝ ይከማቻል። በዚህም ላይ እድገቱ እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ብዙዎቹ ቅርፊት መሰሎች በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢያድጉ ነው፤ ቅጠል መሰሎቹም በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለካ እድገት ነው ያላቸው። ስለዚህ መዳፍ የሚያህል ላይከን የብዙ ዓመታት አየር ያለፈበት አካል ነው።

ከብክለት ዓይነቶች ሁሉ ከላይከን ጋር ያለው ጠብ በደንብ የተጠናው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ የሚወጣው በተለይ ድኝ ያለበት የድንጋይ ከሰልና ናፍጣ ሲቃጠል ነው። ጋዙ በእርጥብ ላይከን ውስጥ ሲሟሟ ሰልፈረስ አሲድንና ቢሰልፋይት የሚባለውን አዮን ይፈጥራል። በዚህ ጊዜ የአልጌው ክሎሮፊል በመካከሉ ያለውን ማግኒዚየም አጥቶ ፌዮፊቲን ወደሚባል ቡናማ ነገር ይለወጣል፤ ምግብ ማዘጋጀቱም ይቆማል። የህዋሱ ሽፋን ሲጎዳ ደግሞ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈሳል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀላሉ ሊያዩት ይችላሉ፦ እኩል ክብደት ያላቸውን ሁለት የላይከን ናሙናዎች፣ አንዱን ከመንገድ ዳር ሌላውን ከራቀ ሥፍራ ወስዶ፣ በተጣራ ውኃ ዘፍዝፎ የውኃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅም መለካት ነው። ሽፋኑ የተጎዳው ላይከን ብዙ አዮን ስለሚለቅ ውኃው የበለጠ ያስተላልፋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ቃል አለ፤ እርጥብ የሚለው ነው። ላይከን የራሱን እርጥበት መቆጣጠር አይችልም። አካባቢው ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፤ ተኮማትሮ፣ ተሰባሪ ሆኖ፣ ሥራውን ሁሉ አቁሞ ይተኛል። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ለምልሞ ሥራውን ይቀጥላል። በደረቀበት ጊዜ ጋዙ የሚያደርስበት ጉዳት እርጥብ በሆነበት ጊዜ ከሚያደርስበት በጣም ያነሰ ነው። ይህ ነጥብ ወደ አርሲ ስንመለስ ትልቅ ዋጋ ይኖረዋል።

ከፓሪስ እስከ ለንደን

የኢንዱስትሪ ከተሞች ላይከኖች እየጠፉ መሆናቸውን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ እንግሊዛዊው ሊዮ ግሪንደን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1859 በማንቸስተር አካባቢ ለደረሰው መመናመን የከሰል ጢስን በምክንያትነት ጠቅሷል። ነገሩን ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው ግን ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ የሉክሰምበርግ የአትክልት ሥፍራ ያሉትን ላይከኖች መዝግቦ ከሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች ጋር ካነጻጸረ በኋላ ላይከኖች የአየርን ጤናማነት የሚለኩ መሣሪያዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ አስታወቀ። የመዘገባቸው ላይከኖችም ያው ክፍለ ዘመን ሳይጠናቀቅ ከሥፍራው ጠፉ። ወደ ኋላ እናገኘዋለን ያልነው የሽቬንደነር ተቃዋሚም ይኸው ኒላንደር ነው። ላይከን ምን እንደሚነግረን ያስተማረን ሰው ላይከን ምን እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞቱ አለመቀበሉ የሳይንስ ታሪክ ካሉት አስገራሚ ገጾች አንዱ ነው።

ስዊድናዊው ሩትገር ሰርናንደር እ.ኤ.አ. በ1926 የስቶክሆልምን ከተማ ከመካከሏ ወደ ዳር በሦስት ቀበቶ ከፈላት፦ ላይከን የማይገኝበት "የላይከን በረሃ"፣ ላይከኖች እየታገሉ የሚኖሩበት "የትግል ቀበቶ"፣ ከዚያም ውጭ "ጤነኛው ቀበቶ"። በለንደን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ብዙ ሺህ ሰዎችን ከገደለው የጢስ ጉም በኋላ የብሪታንያ መንግሥት በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ዴቪድ ሃክስወርዝና ፍራንሲስ ሮዝ "ኔቸር" በተባለው መጽሔት ላይ ለእንግሊዝና ለዌልስ የሚያገለግል ከ0 እስከ 10 የሚደርስ መለኪያ አወጡ። በዜሮው ደረጃ ግንዱ ባዶ ነው፤ በአሥረኛው ኡስኒያና ሌሎች ለብክለት የማይታገሡ ዝርያዎች ተሟልተው ይገኛሉ። በጥቅሉ ሲታይ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ጢም መሰሉ፣ ቀጥሎ ቅጠል መሰሉ፣ በመጨረሻ የሚቀረው ቅርፊት መሰሉ ነው። ተማሪ የሚያጠናው ሕግ የመጣው ከዚህ ነው። ለዚህ ሥርዓት ምክንያቱ ከባድ አይደለም፦ የተንጠለጠለው ላይከን በሁሉም ወገኑ ለአየር የተጋለጠ ሲሆን የተለጠፈው ግን አንድ ፊቱን ብቻ ነው የሚሰጠው።

የከሰሉ ጢስ ሲቀንስ ላይከኖችም ተመለሱ፤ እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ለንደን ውስጥ ጠፍተው የነበሩ ዝርያዎች እንደገና መታየታቸውን አስታውቀዋል። በአንጻሩ በአሲዳማ ጢስ ውስጥ ተስፋፍቶ የነበረው ሌካኖራ ኮኒዛዮይደስ የተባለ ቅርፊት መሰል ላይከን አየሩ ሲጸዳ በብዙ ሥፍራዎች መመናመን ጀመረ። እንግዲህ ላይከን ሁሉ ንጹሕ አየር ወዳድ ነው ማለትም ስሕተት ነው።

በጣሊያን አገር በቬኔቶ ክፍለ ሀገር የተደረገ ሌላ ጥናት ከዚህ ጋር ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ቺዝላጊና ኒሚስ የተባሉ ተመራማሪዎች የላይከን ብዝኃነት ካርታንና በሳንባ ካንሰር የሞቱ የአካባቢው ተወላጅ ወጣት ወንዶችን ቁጥር የያዘ ካርታ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው በከፍተኛ ደረጃ ተቀራርበው ተገኙ። ላይከን ባነሰበት ሞቱ በዝቷል። ይህ ማለት የላይከን መጥፋት ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ አየር ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው።

መለኪያው አርሲ ሲደርስ

አሁን ወደ አሰላ እንመለስ። የእንግሊዙን መለኪያ በእጃችን ይዘን በከተማው ብንዘዋወር ውጤቱ ያሳስተናል። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የብክለቱ ዓይነት ነው። መለኪያው የተሠራው ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። በአርሲ ደጋ ማድ ቤት የሚነደው በአብዛኛው እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ነው፤ ይህም ስንል የእንጨት ከሰል እንጂ የድንጋይ ከሰል ማለታችን አይደለም። የእንጨት ጢስ በጥላሸትና በደቃቅ ብናኝ የበለጸገ ሲሆን ድኙ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእናቶችና ለሕፃናት ሳንባ እጅግ አደገኛ የሆነ ጢስ ላይከኑን እምብዛም ላይጎዳው ይችላል። ይህን ነጥብ አጥብቀን መናገር እንፈልጋለን፦ ጣሪያው ጢስ በሚያወጣ ቤት ደጃፍ የቆመ ዛፍ ላይከን ለብሶ ቢገኝ የቤቱ አየር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ላይከን የሚናገረው እሱን ስለሚጎዳው ነገር እንጂ እኛን ስለሚጎዳን ነገር ሁሉ አይደለም።

ሁለተኛው ናይትሮጂን ነው። አርሲ የከብትና የስንዴ አገር ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃሉ ካዱ፣ ማዳበሪያንና የተሻሻለ የስንዴ ዘርን ለአካባቢው ገበሬ በስፋት ካስተዋወቁት ቀዳሚው ነው። በአፈር ላይ ከተበተነ ዩሪያና ከከብት በረት አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ይተንናል። አሞኒያ ደግሞ የዛፉን ቅርፊት አሲዳማነት ይቀንሳል፤ ላይከኖችንም ያለ ልክ ይመግባል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በከብት እርባታ አካባቢ አሲድ ወዳድ ላይከኖች እየጠፉ ናይትሮጂን ወዳዶቹ ይስፋፋሉ። ከእነዚህ የሚታወቁት ዛንቶሪያ የሚባለው ወገን ቢጫና ብርቱካናማ ዝርያዎች ናቸው። ከጠጠር መንገድ የሚነሣው አቧራም የቅርፊቱን አሲድ ስለሚያረክሰው ተመሳሳይ ለውጥ ያመጣል። በመሆኑም በመንገድና በበረት አጠገብ ያለ ግንድ በብርቱካናማ ላይከን ተሸፍኖ ቢገኝ "ላይከን በዝቷልና አየሩ ጤነኛ ነው" ብሎ መመዝገብ ነገሩን በግልባጩ ማንበብ ነው።

ሦስተኛው ወቅት ነው። በእንግሊዝ ከሰል በብዛት የሚነደው በክረምት ለማሞቂያ ነበር፤ የክረምቱ አየርም እርጥብ ነው። ላይከኑ ነቅቶ በሚሠራበት ወራት ጋዙም ይበዛል ማለት ነው። የሃክስወርዝና የሮዝ መለኪያም የተቀመረው በክረምቱ አማካይ መጠን ነበር። በአርሲ አቧራው የሚበዛው በበጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ሲሆን በዚህ ጊዜ ላይከኑ ደርቆ የሚተኛበት ሰዓት ረጅም ነው። በበልግና በክረምት ዝናብ ሲነቃ ደግሞ ዝናቡ ብናኙን ከአየር ላይ ያጥበዋል። ስለዚህ እኩል የሆነ የዓመት ብክለት በለንደንና በአሰላ እኩል ጉዳት ያደርሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም። የጉም ቀበቶ ግን ከዚህ ይለያል፤ በተራራው ከፍታ በበጋም ቢሆን የማለዳ ጉምና ጤዛ ላይከኑን ይቀሰቅሰዋል፤ ጉም ደግሞ ብክለትን አከማችቶ መያዝ የሚችል ነው።

አራተኛው ዛፉ ነው፤ እኛ ከሁሉ በላይ የተማሪዎችን ሥራ ያበላሻል ብለን የምንፈራው ይህን ነው። በአሰላ ዙሪያ በቀላሉ የሚገኘው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ያለው ጥቅም የታወቀ ቢሆንም ለላይከን ጥናት ግን የማይረባ ነው። ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ይጥላል። በዓመት ሚሊ ሜትር የምታድግ ፍጡር በየጊዜው በሚራገፍ ልብስ ላይ ልትኖር አትችልም። በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ላይከን ባለማየቱ አየሩ ተበክሏል ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የለካው ብክለትን ሳይሆን የባሕር ዛፍን ጠባይ ነው። ጥድን ከወይራ ጋር ማወዳደርም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ የሁለቱ ቅርፊት በአሲዳማነትም በሸካራነትም ይለያያልና።

ከፍታን በመግቢያችን ጠቅሰነዋል። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ወደ ተራራው ከመውጣት ይልቅ ተዳፋቱን ሳይወጡና ሳይወርዱ ከከተማው መካከል ወደ ገጠሩ በአንድ ከፍታ መጓዝ ነው። በናሙና ሥፍራዎቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከአንድ መቶ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

በሲባጎና በአጉሊ መነፅር

የአየር ብክለትን የሚለኩ መሣሪያዎች ውድ ናቸው፤ ጥገናና ኤሌክትሪክም ይሻሉ። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የደቃቅ ብናኝን መጠን እየለካ ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ ይሁንና የአሜሪካ መንግሥት በመላው ዓለም በኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን ይህን መረጃ ማሰራጨቱን በማርች 2025 አቁሟል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተወለደባት በአሰላና የብዙ ታላላቅ ሯጮች መፍለቂያ በሆነችው በቆጂ ወጣቶች በየማለዳው በየመንገዱ ይሮጣሉ። የሚሮጥ ሰው ከተቀመጠ ሰው ብዙ እጥፍ አየር ይተነፍሳል። የሚተነፍሱት ምን ዓይነት አየር እንደሆነ በየዕለቱ የሚለካ መሣሪያ ባይኖርም እንኳ ዛፎቹ በቦታቸው አሉ።

በአውሮፓ በ2014 እንደ ጋራ መስፈርት የጸደቀው ዘዴ ለተማሪዎች ዐቅም የሚመች ነው። ከሽቦ ወይም ከሲባጎና ከቀጭን እንጨት አሥር ሴንቲ ሜትር ወርድና ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው መሰላል ይሠራል፤ ይህም አምስት እኩል ካሬዎች አሉት። መሰላሉ የታችኛው ጫፉ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በግንዱ ላይ በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ በኩል በየተራ ይለጠፋል። በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ የላይከን ዓይነት ከአምስቱ ካሬዎች በስንቱ ውስጥ እንደሚገኝ ይቆጠራል። በካሬው ውስጥ ትንሽም ሆነ ብዙ ቢሆን ልዩነት የለውም፤ የሚጠየቀው አለ ወይስ የለም ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጥድ ዛፍ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተሰጡ እንጂ ከመስክ የተገኙ አይደሉም። በሰሜን በኩል ሀ የተባለው ዓይነት በ4 ካሬ፣ ለ በ3፣ ሐ በ1 ቢገኝ ድምሩ 8 ይሆናል። በምሥራቅ ሀ በ3፣ ለ በ2 ቢገኝ 5፤ በደቡብ ሀ በ1፣ ለ በ1 ቢገኝ 2፤ በምዕራብ ሀ በ3፣ ለ በ2፣ ሐ በ1 ቢገኝ 6 ይሆናል። የዛፉ ጠቅላላ ዋጋ 21 ነው። በዚያው ሥፍራ ያሉ ሌሎች ሁለት ጥዶች 15 እና 18 ቢያመጡ የሥፍራው የላይከን ብዝኃነት ዋጋ የሦስቱ አማካይ፣ ማለትም 18 ይሆናል። ሦስት ዛፍ ለምሳሌ እንጂ ለጥናት አይበቃም፤ በየሥፍራው ስድስትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። በአውሮፓ የሰሜኑ ወገን ጥላማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ላይከን ይበዛበታል፤ በምድር ወገብ አቅራቢያ በምትገኘው አሰላ ግን ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከሰሜንም ከደቡብም ስለምትመጣ ልዩነቱ ይጠባል፤ ዝናብ አምጪው ነፋስ የሚመታው ወገን የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል ብለን እንገምታለን።

የላይከኖቹን ሳይንሳዊ ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም። በስምንት ቅጽ ተሰናድቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ላይከኖችን አይጨምርም፤ ተክል አይደሉምና። ስለዚህ ተማሪዎች በመልክ የሚለዩ ዓይነቶችን በፊደል ሰይመው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ መልካቸውን ጽፈው መሥራት ይችላሉ። ዋናው ነገር ሀ የተባለው በሁሉም ሥፍራ ያው ሀ መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቅርፊት መሰል፣ ቅጠል መሰል ወይም ጢም መሰል መሆኑ ይመዝገብ። ቢጫና ብርቱካናማዎቹ ድምራቸው ለብቻ ይቀመጥ። የአንድ ሥፍራ ዋጋ ከፍ ብሎ አብዛኛውን ያመጡት ብርቱካናማዎቹ ከሆኑ የናይትሮጂንና የአቧራ ምልክት ነው፤ ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ቢጻፍ ይህ ይሸፈናል።

ዛፉ አንድ ዓይነት፣ ቀጥ ያለ፣ ቁስል የሌለበት፣ ዙሪያው ከስልሳ ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ይመረጥ። ጥድ ለዚህ ተስማሚ ነው። በከተማም በገጠርም ያረጁ ጥዶችን ማግኘት የሚቻለው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ፣ በመካነ መቃብርና በመስጊዶች አካባቢ ነው፤ አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱን ኃላፊዎች ማስፈቀድ ይገባል። ናሙና እየቆረጡ መሰብሰብ አያስፈልግም። በአንድ እጅ የሚዘገን ጢም መሰል ላይከን ለማደግ ብዙ ዓመታት ወስዶበታል፤ ሃያ ተማሪ አንድ አንድ እፍኝ ቢወስድ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል የሚቆጥረው አይኖረውም።

ላይከን በሌለበት ሥፍራ የሚሞከር ሌላ መንገድም አለ። ከንጹሕ ሥፍራ ላይከን የያዘ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በከተማው በተለያዩ ቦታዎች ይሰቀልና ከወራት በኋላ ቀለሙና የክሎሮፊሉ ሁኔታ ይታያል። ይህ ዘዴ ግን በአርሲ አንድ ወጥመድ አለው። ከአስታው ቀበቶ የመጣ ኡስኒያ ጉም ለምዷል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ወርዶ በበጋ ፀሐይ ቢሰቀል ያለ አንዳች ብክለት በድርቀት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቅርንጫፉ መወሰድ ያለበት በከተማው ከፍታ ካለ የገጠር ዛፍ ነው፤ ጥቂቱም እዚያው በወጣበት ሥፍራ ለማነጻጸሪያ ተሰቅሎ መቆየት አለበት።

የአንድ ጊዜ ቆጠራ የሚሰጠው ንጽጽር ብቻ ነው። የለካናቸውን ዛፎች በማይጎዳ ምልክት ለይተን፣ ቦታቸውን በንድፍ ካርታ ላይ አስፍረን ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ወር ብንመለስ ግን አየሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የዛፉ ዙሪያ፣ ከመንገድና ከበረት ያለው ርቀት፣ ከፍታው ይጻፍ። ባለፈው ሌሊት ዝናብ ዘንቦ እንደነበረም ይጻፍ፤ እርጥብ ላይከን አረንጓዴው ስለሚጎላ በደረቅ ቀን ያልታየ ዓይነት በዝናብ ማግስት ይታያል፤ ደረቅ ቀን የተቆጠረውን ከዝናብ ማግስት ቆጠራ ጋር ያነጻጸረ ክፍል ያልነበረ መሻሻል ሊያገኝ ይችላል።